ያልሳቀው ክፍል

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ፤ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪዋ ፀዳለ የፈተና ወረቀቶች ታቅፋ ነባሩን መምህር ጋሽ አበጋዝን ታፋጥጣለች።)

ፀዳለ፦ ሃምሳ አራት ተማሪ፣ ሃምሳ አራት አንድ ዓይነት ስህተት! ጋሽ አበጋዝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ያውቃሉ?

አበጋዝ፦ ኮርጀው ይሆናላ።

ፀዳለ፦ «ይሆናላ»? ርዕሰ መምህሩ የክፍሉን ውጤት በሙሉ ሊሰርዙት ነው። ወላጅ ሁሉ ሊጠራ ነው። እርስዎ የጎረቤት ዶሮ የጠፋ ያህል ያወራሉ!

አበጋዝ፦ ይሰርዙት። ሌላ እንፈትናቸዋለን።

ፀዳለ፦ እነዚህ ልጆች እኮ ላጲስ ለመዋዋስ እንኳ እጅ አውጥተው ነው የሚያስፈቅዱት። ያስለመዷቸውም እርስዎ ነዎት።

አበጋዝ፦ ልጅ አይደሉ፣ ይለወጣሉ።

ፀዳለ፦ እሺ፣ ጥያቄውን እንየው። የማዳመጥ ፈተና ነው። ምንባቡን እርስዎ ሁለቴ አነበቡላቸው፤ እነሱ እጅ ላይ ጽሑፉ የለም፣ በጆሯቸው ብቻ ነው። «የምንባቡ ድባብ ምንድን ነው? ምክንያታችሁን ጻፉ» ይላል። መልሱ «አስቂኝ» ነው። ሃምሳ አራቱም «ሐዘን» ብለው ቁጭ! በሠርግ ቀልድ!

አበጋዝ፦ ድምፀትና ድባብ ይምታታባቸዋል። ድምፀት የተራኪው ነው፣ ድባብ ሰሚው ላይ የሚያርፈው ስሜት ነው ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው።

ፀዳለ፦ አልተምታታባቸውም። ምክንያታቸውን አንብበውታል?

አበጋዝ፦ አላነበብኩም። «ሐዘን» የሚለውን ሳይ ኤክስ አድርጌ አለፍኩ።

ፀዳለ፦ ሃምሳ አራት ጊዜ?

አበጋዝ፦ እጅ ይሠራል እኮ፣ ምን ያቅተዋል።

ፀዳለ፦ እንግዲያው ይስሙኝ። ይቺ፦ «ሰውየው ብቻውን ሊቀር ስለሆነ አሳዘነኝ።» ይሄ፦ «ሠርግ ነው ተባለ እንጂ ደስ ያለው ሰው አልሰማሁም።» ይቺ ደግሞ፦ «ሚስቴን ውሰዷት ሲል ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።» የኮረጀ ልጅ እንዲህ በየራሱ ቃል ያዝናል?

አበጋዝ፦ እኔ ምን አውቃለሁ።

ፀዳለ፦ እስቲ ያንብቡልኝ። ልክ ለእነሱ እንዳነበቡት።

አበጋዝ፦ ታውቂው የለ? ተማሪዬ ሳለሽ አንብቤልሻለሁ።

ፀዳለ፦ አዎ፣ ያኔ በሳቅ ከወንበር ወድቄያለሁ። ያንብቡልኝ የምለውም ለዚሁ ነው።

አበጋዝ፦ (በደከመ፣ ከፍ ዝቅ በማይል ድምፅ) «ሚዜዎቹ ቤት ተሳስተው ጎረቤት ገቡ። የቤቱ ጌታ እንግዳ መመለስ አያውቅም፤ አስቀመጣቸው። በሉ፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ። በመጨረሻ ‹በሉ እንግዲህ ሙሽራይቱን አውጡልን› አሉ። ሰውየውም ‹እዚህ ቤት ያለችው ሴት ሚስቴ ብቻ ናት። መውሰዱን ውሰዷት፤ እንዳትመልሷት ብቻ አደራ› አላቸው።» አለቀ።

ፀዳለ፦ ጋሼ… ባለቤትዎ እትዬ ውድነሽ ካረፉ ስንት ጊዜ ሆነ?

አበጋዝ፦ ሰኞ አምስት ወር ይሞላታል።

ፀዳለ፦ አንድ ቀን አላለቀሱም ይላሉ ሰዎች።

አበጋዝ፦ በምን ላልቅስ? ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ የሚወጉት መርፌ የለም? ጉንጭሽን ብትነኪው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስልሻል። እንደዚያ ነኝ። ይህን ቀልድ ስጽፈው መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሷ ነበር። «ደግሞ ማን ሊወስደኝ!» ብላ ሳቀች። በፊት እዚያ ቦታ ስደርስ እኔም ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። ባለፈው ለልጆቹ ሳነብ ግን ሰዓቴን አየሁና ቀጠልኩ።

ፀዳለ፦ ልጆቹ እኮ አልኮረጁም። እርስዎን ነው የሰሙት።

አበጋዝ፦ ገብቶኛል። አላነበብኩም ያልኩሽም ውሸቴን ነው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ገብቶኝ ነበር።

ፀዳለ፦ ታዲያ ኮረጁ ሲባሉ እንዴት ዝም ይላሉ?

አበጋዝ፦ ርዕሰ መምህሩ እረፍት ይውጡ ሲሉኝ፣ ደህና ነኝ፣ ማስተማር አላቃተኝም ብዬ ለምኜ ነው የቀረሁት። ይህን ከሰሙ ቤት ነው የሚያስቀምጡኝ። ቤት ምን አለ? እዚህ ቢያንስ ደወል ይደወላል፤ ተነስ፣ ግባ ይለኛል። እሱን ላለማጣት ልጆቹን ሸጥኳቸው። ማፈር ነበረብኝ፣ እሱም አልመጣልኝ አለ።

ፀዳለ፦ እሺ፣ «ጥያቄው ግልጽ አልነበረም» ብዬ ልጻፍ። ልጆቹም ይተርፋሉ፣ እርስዎም ክፍልዎን አይለቁም። ማንም አያውቅም።

አበጋዝ፦ ጥያቄው ምን አጠፋ? ዓመቱን ሙሉ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ስሙ ስላቸው ከረምኩ፤ ሰሙ። አሁን ደግሞ አልሰማችሁም ልበላቸው?

ፀዳለ፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?

አበጋዝ፦ «አልኮረጁም፤ ያሳዘናቸው መምህሩ ነው» ብለሽ ጻፊ። ቀጣዩን ምንባብ አንቺ አንብቢላቸው። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱልኝ እኔ ከኋላ ወንበር ከልጆቹ ጋር ልቀመጥ፤ የቱ ጋ እንደሚስቁ መስማት እፈልጋለሁ።