ወደ ኋላ ብቻ የምትሄድ መኪና

ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚኒባስ ስመጣ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን የታቀፈ ጎልማሳ ከፊቴ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩ እናት አዩትና ጠየቁት።

«ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን ሆንክ?»

«የጭነት መኪናዬ መንገድ ላይ ቆማብኝ ነው፣ እማ። ቲማቲም እንደጫነች። የካምቢዮው ዘይት ፈሶ አለቀና ወደ ፊት እምቢ አለች፤ ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሄደው።»

«ሰው ሰብስበህ አታስገፋትም?»

«አውቶማቲክ ናት፤ በግፊ አትነሳም! ያገኘሁት ሰው ሁሉ ‹ግፋት› ይለኛል።»

«አዲስ ናት?»

«ኧረ ያገለገለች ናት። ከገዛኋት ወር አልሞላትም።»

«ታዲያ ቲማቲሙን ማን እየጠበቀ ነው?»

«ባለቤቴ። ፀሐይ ላይ ትቻት መጣሁ። ‹አውቶማቲክ ይቅርብህ፤ ብትበላሽ እዚህ የሚሠራት አታገኝም› ብላኝ ነበር።»

«ዛሬስ ምን አለችህ?»

«ምንም። ወላሂ፣ አንድ ቃል አልተናገረችም! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አላህ ያግራልህ። ግን ስትመለስ ዘይቱን ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ያዝላት።»

እኔም በመስኮቱ የጨፋን ሜዳ እያየሁ፣ ሚስቴ ዝም ያለችብኝን ቀናት አሰብኩ።