በሽምግልና ያለቀ ቼዝ

ቼዝ በሽምግልና ሲያልቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መርሳ ላይ አየሁ፤ ያውም በራሴ ጨዋታ! የወረዳው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ካሸነፍኩ ወልድያ ሄጄ ለዞን እጫወታለሁ፤ አቻ ከወጣን ግን በነጥብ የሚመራው የግራናው ሰዒድ ይሄዳል። ሰዒድ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ላቤን አንጠፈጠፈው። በመጨረሻ ንግሥቷን አነሳና፣ ከቦታዋ ከለቀቀች ንጉሡ እንደሚያልቅለት ሲታየው ቀስ ብሎ መለሳት።

"የነካኸውን ትጫወታለህ!" ብዬ ጮህኩ።

"ላስተካክላት ብዬ ነው" አለ።

ዳኛው ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት የከተማው አስታራቂ ወደ ሼህ እንድሪስ ዞረ። እሳቸውም ተነሱ።

"ልጄ፣ ለአንዲት እንጨት ብለህ ወንድምህን ታስቀይማለህ? አቻ ውጡ። በሉ ተሳሳሙ።"

"አባባ፣ ሕግ እኮ አለው!" ብል ማን ሊሰማኝ! አዳራሹ በሙሉ "እሳቸውን እምቢ ልትል ነው?" እያለ ወረደብኝ። ተሳሳምን። ዱዓ ተደረገ፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ "አሚን" አልኩ። ዳኛው አቻ ብሎ ጻፈ።

እየተነጫነጭኩ ጠጠሮቹን ስሰበስብ ሼህ እንድሪስ ጎንበስ ብለው፣ "ንግሥቷ ብትነሳ ንጉሡ በፈረስህ ማት ነበር፣ አይደል?" አሉኝ።

ክው አልኩ። "አንቱ ቼዝ ያውቃሉ እንዴ?"

"ካላወቅሁማ የትኛችሁን እንደምለምን በምን አውቅ ነበር?"