የሁለት ሴንቲ ነገር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ከሁሉ በፊት ይህን ቀን ላሳየኝ ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ቀጥሎ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ፈረቃ ተቀያይራችሁ፣ ለአንድ ሻንጣ ለኪ ብላችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ሥራ ላይ ሆነው መምጣት ላልቻሉትም ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ስጦታውን የመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁ ይባረክ። ስለ ስጦታው በኋላ እመለስበታለሁ።

የጣቢያ ኃላፊያችን ጠዋት ኮሪደር ላይ አገኙኝና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀለል ያለ ነገር ይናገሩ። ሰው ይሳቅ፣ በደስታ እንለያይ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ስለዚህ መጀመሪያ እንስቃለን። ቀላሉ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ማለቴ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሠራሁ። ከዚያ ውስጥ አሥራ ሰባቱን በር አራት ላይ ቆሜ የሰው የእጅ ሻንጣ ለካሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ሦስት ቁጥር ግን በልቤ አውቃለሁ። ሃምሳ አምስት፣ አርባ፣ ሃያ ሦስት። ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት። ክብደቱ ሰባት ኪሎ። ይችኑ ነው ለሰው ሳስረዳ የኖርኩት።

ይህ ምኑ ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። ሰው ሻንጣውን ቤቱ ሲለካ ጎማውን ይረሳል። መያዣውን ይረሳል። ሆዱን ብቻ ለክቶ ይመጣል። ጎማው አብሮት እንደሚሳፈር ትዝ አይለውም። የፊት ኪሱ ውስጥ ጫማ ይጠቀጥቅና፣ ሻንጣው ባዶውን ሲገዛ የነበረውን ቁጥር ይነግርሃል። አንዱ፣ «ስገዛው ትንሽ ነበር» ብሎኛል። «አድጎ ነዋ» አልኩት። ሌላው በሌላ አየር መንገድ ሲገባለት የኖረ ሻንጣ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ አየር መንገድ የየራሱ ልክ እንዳለው ስነግረው፣ «ሰማዩ አንድ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ኪሎው በዝቶበት ሦስት ኮት ደራርቦ የለበሰውን ሰውዬ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ «በርዶኛል» ይለኝ ነበር። አሳለፍኩት። ሰው የለበሰው አይመዘንም።

እናንተም «ሴንቲ» አላችሁኝ። የማልሰማ መስሏችሁ ነበር። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ እንኳ ሰምታ፣ «ሴንቲ፣ ምሳ ቀርቧል» ትለኝ ነበር።

እውነቱን ልናገርና ስሙን ወድጄው ነበር። ለምን ወደድኩት? ጠዋት ጠዋት ከጸሎቴ በኋላ ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው። ሰው ሲቆጣኝ ወደ ብረቱ እጠቁማለሁ። «እኔ አይደለሁም፣ ሣጥኑ ነው» እላለሁ። ከገባ ገባ፤ ካልገባ ወደ ዕቃ ክፍል። ብረት አይለመንም፣ አያፍርም። ከብረት ጀርባ መቆም ደስ ይላል።

እንግዲህ ቀላሉ እዚህ ላይ አለቀ።

ሣጥኑን ታውቁታላችሁ። ሻንጣው ከላይ ወደ ታች የሚከተትበት፣ ከላይ ክፍት የሆነው የብረት ሣጥን ነው። የድሮው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተሰበረና ጥገና ክፍል አዲስ ይሥራ ተባለ። ወረቀት ተጻፈ፦ ሃምሳ አምስት፣ አርባ፣ ሃያ ሦስት። በያጁ ጥሩ ሰው ነበር፤ እሱን አልወቅስም። ወረቀቱ እንዳዘዘው ቆርጦ በየደ። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ አርባ በሃያ ሦስት አወጣው። ልኩ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ወረቀቱ አልነገረውም። ብረቱ ደግሞ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ውፍረት አለው። ስለዚህ ሻንጣው የሚገባበት ባዶ ቦታ ሠላሳ ስምንት በሃያ አንድ ሆነ።

በወርዱም በውፍረቱም ሁለት ሁለት ሴንቲ ጎደለ። ከዚያ ቀለም ተቀባ፣ የድርጅቱ ምልክት ተለጠፈበት፣ በር አራት ላይ ቆመ። ማን ለካው? ማንም። ለኪው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የምለካው ሻንጣ እንጂ ሣጥን አይደለም።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በአምስተኛው ዓመት አንድ አዛውንት መጡ። ሻንጣቸው ግራጫ፣ ጠንካራ፣ አዲስ ነው። አልገባም። «ልጄ፣ የሚስቴ መድኃኒት አለበት። ከእጄ አይውጣ» አሉኝ።

«መድኃኒቱን አውጥተው ይያዙታ፣ አባቴ።»

«ከበረዶ ጋር አሽገው ነው የሰጡኝ። ከተከፈተ ይበላሻል።»

«እኔ አይደለሁም፣ ሣጥኑ ነው» አልኳቸው።

ሻንጣው ወደ ዕቃ ክፍል ሄደ። ከዚያ ደግሞ በስህተት ወደ ሌላ ከተማ በረረ። የደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሳምንት በኋላ በመልስ ጉዟቸው እዚህ ሲያልፉ፣ «ያ ሣጥኑ ነው ያለኝ ሰውዬ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁ ድምፃቸውን ከማረፊያ ክፍላችን ስስ ግድግዳ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ሻይ ይዤ ነበር። አልወጣሁም። ሻዩን ጨረስኩት። መድኃኒቱ ምን ሆኖ እንደደረሰ፣ ሚስታቸው እንዴት እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ የእኔዋ ደህና ነበረች። ሰው እንዲህ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የዛሬ ሦስት ዓመት ስታርፍ፣ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ያን ቢጫ የጨርቅ ሜትሯን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ሜትር ይዤ ከተሳሳተ ሣጥን አጠገብ ቆምኩ።

ዓምና አንዲት ሴትዮ መጣች። የእሷም ሻንጣ አልገባም።

«ቤቴ ለክቼዋለሁ» አለች።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል፣ እህቴ። ጎማውን ረስተሽ ይሆናል።»

«ጎማውንም መያዣውንም ለክቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ የለካሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሁን የሻንጣ ወገብ ይጠፋኛል?»

ልብስ ሰፊ ነኝ ስትል ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። ቀጠለችና፣ «ለመሆኑ ሣጥኑን ለክተውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

እጄ ኪሴ ገባ። መጀመሪያ ሻንጣዋን ከነጎማው ከነመያዣው ለካሁ። ሃምሳ አምስት፣ አርባ፣ ሃያ ሦስት። ቀጥዬ የሣጥኑን ውስጥ ለካሁ። ሠላሳ ስምንት። ሜትሩ የተጣጠፈ መስሎኝ ዘርግቼ ደገምኩት። ሠላሳ ስምንት። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያየኛል። ሴትዮዋ፣ «በሉ እንግዲህ» ብቻ አለች። አሳለፍኳት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰዎች በምን እንደለካኋቸው አላስታውስም፤ በዓይኔ የማየው ያን ግራጫ ሻንጣ ነበር።

በማግስቱ ለኃላፊያችን አመለከትኩ። ፊት ለፊታቸው ነው የምናገረው፤ ሰውን ከጀርባ ማማት አልወድም። «ጋሼ» አሉኝ፣ «ስምንት ዓመት የሠራንበት ሣጥን ዛሬ ጠባብ ነው ብንል፣ ላለፈው ምን ልንል ነው?»

«ይቅርታ ነዋ።»

«ለማን?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ይቅርታ ከምላቸው አንዱ እኚያ አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ በሜትር ለካሁ። «በድርጅቱ መሣሪያ አልጠቀምም በማለትዎ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለተኛም ተከተለ። አንዳንዶቻችሁ፣ «ጋሼ፣ አንድ ዓመት ነው የቀረዎት፤ ሁለት ሴንቲ ምን አላት?» አላችሁኝ። ሁለት ሴንቲማ ምን አላት? የአውራ ጣት ውፍረት ናት። ግን እነዚያ ሰዎች ቤታቸው በትክክል ለክተው መጥተው ነበር። እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ በሰው መሀል፣ ተሳስታችኋል አልኳቸው። አንዳንዱ እኔን አምኖ ራሱን ተጠራጥሮ ሄዷል። ይህ ነው ያስጨነቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ወረቀት ቀረበልኝ። ሣጥኑ ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ከፈረምኩ ሁለቱ ደብዳቤዎች ከፋይሌ ይወጣሉ፤ የምስጋና የምስክር ወረቀትም ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ ይሰጠኛል። እንደምታዩት እጄ ላይ የምስክር ወረቀት የለም። ያ ወረቀት ይኸው፣ እንዳለ ነው። አልፈረምኩም፤ ወደፊትም አልፈርምም። ደብዳቤዎቹ ፋይሌ ውስጥ ይቀመጡ። ልጄ አንድ ቀን ብታነባቸው አላፍርም። አባቷ ስምንት ዓመት ተሳስቶ አንድ ዓመት እንደተስተካከለ የሚናገር ሌላ ማስረጃ የለኝም።

አሁን ወደ ስጦታው ልምጣ። ሻንጣ ሰጣችሁኝ። ሰማያዊ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ካርቶኑ ላይ «የእጅ ሻንጣ» ተብሎ የተጻፈበት። ቀልድም አለበት፣ ገብቶኛል። እስቲ አንዴ ፍቀዱልኝ።

ይኸው ሜትሬ። ቁመቱ ከነጎማው፦ ሃምሳ አምስት። ወርዱ፦ አርባ። ውፍረቱ፦ ሃያ ሦስት። ሥራችሁን የምታውቁ ሰዎች ናችሁና ልኩን አይታችሁ ገዛችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በር አራት ግን አይገባም።

ነገ ጠዋት ወደ ልጄ እበራለሁ። የምወጣው በበር አራት ነው። ነገ በሩ ላይ ያለችው ደግሞ እኔ ያሠለጠንኳት፣ ሁላችንም «ፈጣኗ» የምንላት ናት። እዚያ ጥግ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ቀና በይ፣ ልጄ። ዓምና፣ «ጋሼ፣ እኔስ በምን ልለካ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ «እንዳየሽው አድርጊ» ብዬሽ ሄድኩ። ያ መልስ አልነበረም። ፈርቼልሽ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት አለሽ። ዛሬ መልሱን ልንገርሽ። ነገ፣ «ጋሼ ናቸው» ብለሽ በጎን እንዳታሳልፊኝ። አላልፍም። ሣጥኑን አምጪ፣ ሻንጣዬን እኔው ራሴ እከተዋለሁ። አይገባም። ያን ጊዜ ወደ ዕቃ ክፍል ይስጡ ብትዪኝ አልሰጥም፤ በዝምድናም አልገባም። ሜትሬን ይዤ እቆማለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ያጉረምርም። አውሮፕላኑ ካመለጠኝ ያምልጠኝ። ለልጄ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ «አባባ፣ ሴንቲነትህ ጡረታ አይወጣም ማለት ነው?» አለችኝ። አይወጣም።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ሰው ይህን እንደ እርግማን ይፈራዋል። እኔ ግን በእግሬ ሄጄ ልሰፈርበት ነው። እኚያ አዛውንት የቆሙበት ቦታ ቆሜ፣ ያ ብረት ከፊት ሲታይ ምን እንደሚመስል ማየት አለብኝ።

ሜትሩን ለማን ይተዉታል ያላችሁኝ አላችሁ። ለማንም። የባለቤቴ ነው። ሜትር በየሱቁ ሞልቷል፤ ግዙ። ወይ በያጅ ጥሩና ሣጥኑን ያስፋው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በሉ፣ ልመርቃችሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ትዳር የያዛችሁ አብራችሁ አርጁ። «እኔ አይደለሁም» ከማለት ምላሳችሁን ይጠብቅላችሁ፤ ብላችሁም ከተገኛችሁ፣ ግድግዳ ጀርባ ሻይ ይዛችሁ አትቅሩ፣ ውጡ። ኃላፊያችንንም ይባርክ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ እኔም ስምንት ዓመት እንደሳቸው ነበርኩ። እኚያ አዛውንት ከነባለቤታቸው በሕይወት ካሉ ጤና፣ ከሌሉ ዕረፍት ይስጣቸው። አሜን በሉ።

በረራዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ሻንጣዬን ይዤ በር አራት ላይ እሰለፋለሁ። ፈረቃ የሌላችሁ እዚያ መጥታችሁ ሸኙኝ።