ወንበር ያስለቀቀ ጎል

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ አንድ ወጣት በስልኩ ኳስ ያያል። ትርፍ የተጫኑ አዛውንት አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«ኳስ ማሳያ ቤት አትገባም እንዴ ልጄ?»

«በዲሽ ማየት ድሮ ቀረ አባቴ። እኔ በኢንተርኔት በቀጥታ ነው የማየው።»

ማንኩሳ ከተማ ስንደርስ ከአንድ ኳስ ማሳያ ቤት ጩኸት ተነሳ።

«ጎል ገባ መሰለኝ።»

«አልገባም፤ እያየሁት እኮ ነው።»

«ታዲያ ሰዉ ምን ሆኖ ይጮኻል?»

«ገብቶ ከሆነ ወንበሬን ይውሰዱ።»

ከተማዋን ከወጣን በኋላ ጎሉ ስልኩ ላይ ገባ። ወጣቱ ተነሳ።

«ኔትወርኩ ነው አባቴ።»

«ቡሬ ሳንደርስ መድረሱም ተመስገን ነው። ለሽበቴ ያልተነሳኸው ልጅ ለኳስ ተነሳህልኝ።»

እኔ መስኮት ዳር ካለው ወንበሬ ሳልንቀሳቀስ ዓይኔን ወደ በቆሎው ማሳ መለስኩ።