በዘር ሩዝ ሥዕል ልትገዛ የወጣችው ጸሐይነሽ

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ የገበያ ቀን ጸሐይነሽ ከቁሐር ሚካኤል አህያዋን እየነዳች ወረታ ገባችና ከሩዝ መፈልፈያው ደጅ ቆመች። አህያዋ የተሸከመችው ባሏ ይርዳው ለዘር ብሎ ለይቶ ያስቀመጠውን ሩዝ ነው። ይርዳው አያውቅም። ቢያውቅማ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

የነዳት ቅናት ነው። በዚሁ ወር የሚካኤል ማኅበር የተጠጣው በጎረቤቷ በአምሳል ቤት ነበር። አምሳል በመስታወት የታሰረ፣ በረዶ የለበሰ ተራራና ፏፏቴ ያለበት ትልቅ ሥዕል ከባሕር ዳር አስመጥታ ሰቅላ ጠበቀቻቸው። ማኅበርተኛው ጠላውን በእጁ እንደያዘ አንገቱን ወደ ግድግዳው አቀና። ቄስ ባየህ እንኳ ሳይቀሩ «ቤት ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ጸሐይነሽ ግን ጠላዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ምክንያቱም የሚቀጥለው ተራ፣ ያውም የሰኔ ሚካኤል፣ የእሷ ነው።

«እንዴት ዋሉ እትዬ ጸሐይነሽ?»

ዞር ስትል የሌላዋ ጎረቤቷ ልጅ ትርሲት ናት። ትርሲት አሥረኛ ክፍል ደርሳ ወረታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ አፏ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ልጅ ነች።

«እግዜር ይመስገን። አንች ደግሞ ከየት ብቅ አልሽ?»

«እዚሁ ከጀርባው ነው የምኖረው። ይሄ የጋሼ ይርዳው የዘር ሩዝ አይደለም እንዴ?»

«ዓይንሽን ከጆንያዬ ላይ አንሽልኝ። ሥዕል ልገዛበት ነው። ከአምሳል የሚበልጥ።»

«ክረምት ሲገባ ታዲያ ጋሼ ሥዕሉን ሊዘሩት ነው?»

«ዘር ከዘመድ አይጠፋም። መልካም ስም ግን ከማን ይገኛል?»

«አምናም ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል በሩዝ ሙቅ ለጥፈው አይጥ አይደል ወይ ራት ያደረገው? ከሥዕሉ ሴትዮ የቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነበር።»

«ለዚያ ነው ዘንድሮ መስታወት ያለው የምገዛው። አሁን ሂጅ፣ ገበያ አታስፈችብኝ።»

ምን ዋጋ አለው፣ ሰማዩ ለትርሲት አደላ። ዝናቡ ዱብ ዱብ ሲል ሩዙ እንዳይርስ ጆንያውን እየተጋገዙ ወደ ልጅቱ ቤት አስገቡት። ጸሐይነሽ ነጠላዋን እየጨመቀች ቀና ስትል ግን «ወይ ጉድ!» አለች።

ቤቱ አንድ አልጋ ከዘረጉበት መዞሪያ የለውም። ግድግዳው ግን በነጭ አፈር ተለቅልቋል፤ ግርጌው ዙሪያውን በቀይ አፈር ተከቧል። ከአልጋው በላይ የማዳበሪያ ከረጢት በሸምበቆ ተወጥሮ፣ የፎገራ ላም ጥጃዋን ስትልስ ተሥላበታለች። የላሟ ጥቁር ከሰል ነው፤ ነጩ አመድ ነው። በጎኑ ሁለት አሮጌ ስፌዶች እንደ ጨረቃ ተሰቅለዋል።

ጸሐይነሽ ቆማ አየችው። በአምሳል የነበረው ቅናቷ እንደ ጎርፍ ውኃ መንገዱን ቀይሮ ወደዚች ልጅ ፈሰሰ። በአምሳል መቅናት ያለ ነው፤ በተማሪ ቤት መቅናት ግን እንዴት ይባላል?

«ማን ገዛልሽ?» አለች፣ ድምጿን ቀለል ለማድረግ እየሞከረች።

«ማን ይገዛልኛል? ቀዩን አፈር በደብረ ታቦር መንገድ ገደሉ ከተቆረጠበት አመጣሁት። በግራር ሙጫ ለወስኩት። ላሟ የአባባ ናት።»

«ታምራለች። ይሁን እንጂ አፈር የተቀባ ቤት የድሃ ቤት ነው ይላሉ።»

«ይላሉ። እርስዎ አሁን ሲገቡ ምን አሉ?»

ጸሐይነሽ ፊቷን ወደ ስፌዶቹ አዞረች።

«እትዬ፣ ላስቀይምዎ አይደለም» አለች ትርሲት፣ ለጊዜው ጨዋ ሆና። «ያ የአምሳል ፏፏቴ የማን አገር እንደሆነ እሷም አታውቀው። ፏፏቴ ካማረን ጢስ ዓባይ አለልን። የእርስዎ የአለላ ስፌት ግን የት ነው? እናቴ በልጅነትዎ የሠሩትን ስታወራ አትጠግብም።»

«ሳጥን ውስጥ ነው። የሰው ዓይን እንዳይበላው።»

«ሳጥን ውስጥ ደግሞ ብል ይበላዋል። ዓይንስ አድንቆ ይሄዳል፤ ብል ግን ጠግቦም አይሄድ።»

«አንች ልጅ፣ እናቴ ናት እኮ ደብቂው ያለችኝ። ጥሩ ነገር ለክፉ ቀን ነው ብላ።»

«ክፉ ቀን ሲመጣ ስፌቱን ማን ያየዋል? እንግዳ ሲመጣ ነው የሚታየው። ሥዕል ገዝተው ቢሰቅሉ የነጋዴውን ጎበዝነት ያሳያሉ። የራስዎን ቢሰቅሉ ግን ማኅበርተኛው ስለ እርስዎ ነው የሚያወራው።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ገባቻት። ምክር ስለሆነች አይደለም፤ አምሳል ስትሰማ ታየቻት።

«ቀይ አፈሩ ሩቅ ነው?» አለች።

ዝናቡ ሲያባራ አህያዋ የዘር ሩዙን እንደተሸከመች ወደ ቁሐር ተመለሰች። ትርሲትም አፈር ይዛ በሳምንቱ መጣች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ፤ ትርሲት «ይበቃል»፣ ጸሐይነሽ «ይጨመር» ሲሉ። ይርዳውም ዘሩን ወደ ማሳ ይዞ ሲወጣ ግድግዳውን አይቶ «ደግሞ ምን ፈረሰ?» አለ። ወንዶች ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚያዩት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት አምሳል ገና ከበሩ ስትደርስ ቆመች። በነጩ ግድግዳ ላይ የአለላ መሶብ ክዳኖች በቀይና በጥቁር ክበብ ውስጥ ተሰቅለው እንደ ፀሐይ ይበራሉ። አልፋ አንዱን ነካችው። አፏ ፈገግ ቢልም ዓይኗ ግን ፈገግ አላለም፤ ጸሐይነሽ ያንን መልክ ታውቀዋለች፤ ያለፈውን ወር ሙሉ የራሷ ፊት ነበር።

«ከባሕር ዳር ነው ያስመጣሽው?» አለች አምሳል።

ጸሐይነሽ አዎ ልትል ምላሷን አነሣች። ሆኖም ቄስ ባየህ እየሰሙ ነው፤ ደግሞስ እውነቱ የሚያኮራት እሷን ነው። «ከሳጥኔ ነው» አለች። «አፈሩም የመንገድ ዳር ነው።»

«እንዴት እንደሚሠራ ለእኔስ አታሳዪኝም?»

ጸሐይነሽ ጠላ ለመቅዳት ዞር አለች። ትርሲት ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ «ያሳዩዋት። ካላሳዩዋት እሷም ዘሯን ጭና ወረታ መውጣቷ ነው» አለቻት።

«ነገ ነይ» አለች ጸሐይነሽ በመጨረሻ። «አፈሩን ግን ራስሽ ትቆፍሪያለሽ።»

እንግዲህ ጥቅሙ ይኸው ነው። ቤት ለማሳመር ጎተራ አይራቆትም። የእጅ ሥራ ከሳጥን ወጥቶ ለልጅ ትምህርት ይሆናል፤ ግድግዳው ሲቆሽሽም በአንድ ጆንያ አፈር ይታደሳል። ቅናትን ከሰው ሆድ አውጡ የሚል አለ፤ የሚቻል አይመስለኝም። እሱ እንኳ ካልወጣ ግን ሥራ ይሰጠው።

አምሳል ተማረች፤ ግድግዳዋ ላይ ከደንገል ታንኳ ጋር ጣናን ሠራች። ሰዉም ከጸሐይነሽ ይበልጣል አለ። ጸሐይነሽ ያን ሌሊት ስትገላበጥ አደረች። ሲነጋ መቆፈሪያዋን አንሥታ የደብረ ታቦርን መንገድ ይዛ ወጣች።