ለጉልበት የሚሆን ቦታ

እናቴ ኦፕራሲዮን ልትገባ ከጨንቻ ወርዳ ሴቻ እኛ ቤት አረፈች። ማታ እራት እንደበላን ልትጸልይ ተነሥታ ሳሎኑ ውስጥ ቆመች። ቤታችንን ያኔ ብታዩት! ወዲህ ብትል ሶፋ፣ ወዲያ ብትል ቡፌ፤ መሃሉን ደግሞ ያ የምኮራበት ባለመስታወት ጠረጴዛ ይዞታል። ዞር ዞር አለችና፣ «ልጄ፣ ጉልበቴን የት ላድርገው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ሶፋው ላይ ሆነሽ ጸልዪ፤ ጌታ ይሰማሻል» አልኳት።

«እሱማ ይሰማል። እኔ ነኝ ተደላድዬ ተቀምጬ ነፍሴን አደራ ማለት የማልችለው።»

ባሌ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘ፤ እኔ ሌላውን ያዝኩና በረንዳ አወጣነው። ተመልሰን ስንገባ ተንበርክካለች። ከጎኗ ቦታ ነበረ፤ ሁለታችንም ተንበረከክን። እዚያ ቤት ከገባን ወዲህ እንዲያ አድርገን አናውቅም።

እናቴ ከዚያ ኦፕራሲዮን አልተነሣችም። ጠረጴዛውን እስካሁን አላስገባነውም፤ በረንዳ ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባዶውን መሃል እያየ፣ «እዚህ ጋ ምን ልታስቀምጡ ነው?» ይለኛል።

«ጉልበታችንን» እላለሁ።