መብራት ሲበራ የምትጠፋው መኪና

መምህርቷ እንደ ሁልጊዜው ከልጇ ቀድማ ተነሳች። ግቢውን ጠረገች፤ ማታ የተዘፈዘፉትን ሳህኖች አጠበች፤ ሻይ ጣደች። ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤት አትሄድም። ልጇ ሳሎን ውስጥ ነጭ ጋዋኗን ትተኩስ ነበር። ያንኑ እጅጌ እያገላበጠች ደጋግማ ትተኩሰዋለች። ሁለቱም ስለ ሰኞ አላነሱም። ሻዩን ጠጥተው ሲጨርሱ የመኪና ማቆሚያውን የቆርቆሮ በር ከፈቱ። ልጅቷ መሪው ጋ ተቀመጠች፤ እናትየው የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚስተካከልበትን ላፕቶፕ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጎኗ። ገመዱን ከዳሽቦርዱ ስር እንደሰኩት ስልኩ ጮኸ፤ መምህርቷ አነሳችው።

— ሄሎ … አቤት ሽቦ። እንዴት አደርክ? … እኛ ደህና ነን። ልጆቹስ? … ትንሹ ጥርስ አወጣ? እሰይ። … እኔማ ምን እሆናለሁ። … ደህና ነኝ አልኩህ እኮ።

ሽቦ የሟቹ ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙን ያወጣለትም ወንድሙ ነው። እንደ ሽቦ ቀጭን ነው፤ በዚያ ላይ በልጅነቱ የቤቱን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታታ ሽቦውን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ዛሬ ሩቅ ከተማ ውስጥ የራሱ ጋራዥ አለው፤ ሥራውም የመኪና ኮምፒውተር ማስተካከል ነው። ጋራዡን ሲከፍት እንደሚደውል ቃል ገብቶ ነበር፤ ደወለ።

— እየው፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ወንድምህ ተርቦውን ሲገጥም፣ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አውጥቶ በትልልቅ ቀይሯቸው ነበር … አዎ፣ አንተ የላክሃቸውን። ቀን ቀን ምንም አትልም። ትነሳለች፤ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትረገጥ፣ ትንሽ ታነክሳለች እንጂ አትጠፋም፤ ዳገቱን እየዘፈነች ነው የምትወጣው። መብራት ስናበራ ግን ቀጥ ትላለች። … ለመካኒክማ አሳየን እንጂ። ባትሪው ነው አለ፣ ተቀየረ። ቀጥሎ ዲናሞው ነው አለ፣ እሱም ተቀየረ። ካንዴላውም ተቀየረ … አንተ ትስቃለህ። እዚህ ቤት ያልተቀየርኩ እኔ ብቻ ነኝ።

ልጇ ነርስ ነች። ከኮረብታው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ተመድባ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ሌሊቱን ያደረችውን ተረኛ ለመተካት ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት አለባት፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ በዚያ መንገድ ታክሲም አውቶቡስም አይሄድም። መኪናዋ ዛሬ ካልተስተካከለች ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ደውላ መምጣት አልችልም ማለት ሊኖርባት ነው። ቦታውን የሚጠብቅ ተጠባባቂ ስላለ፣ ኃላፊው የታገሳት እስከ ዛሬ ከሰዓት ብቻ ነው። መምህርቷ ይህን ለሽቦ ስታስረዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ልጅቷ ግን እዚያው ጎኗ ስለሆነች ሁሉንም ሰማች፤ ዓይኗን ከመሪው ላይ አላነሳችም።

— አስነሺ ሚጣ። … አይ፣ ለሷ ነው። … ይሰማሃል? ቆይ፣ በመስኮት ላውጣልህ።

ክንዷን በመስኮቱ አውጥታ ስልኩን ወደ ኮፈኑ ያዘችው። ሞተሩ እያነከሰም ቢሆን ይሠራል። በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ልጅቷ የፊት መብራቱን አበራች። ሞተሩ ድምፁ ወረደ፣ አንዴ ተንገጫገጨ፣ ጠፋ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወፍ ስትንቀሳቀስ ይሰማል።

— ሰማህ? … ይኸው ነው በቃ። … ቮልቱን? አዎ፣ እዚህ ይታያል። ሳይበራ አሥራ አራት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ሲበራ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። … የማንም አሮጌ መኪና ይወርዳል? ታዲያ የማንም አሮጌ መኪና ለምን አይጠፋም? … እሺ። እሺ፣ አልናገርም፤ አንተ ተናገር።

ሽቦ የትኛውን ገጽ እንደምትከፍት ነገራት። ኢንጀክተሩ ክፈት ተብሎ ከታዘዘ በኋላ እስኪከፈት የሚዘገይበትን ጊዜ የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቮልት በሺኛ ሰከንድ የተለካ አንድ ቁጥር አለው። ከላይ ጀምራ አነበበችለት።

— … በአሥራ ሁለት ላይ ዜሮ ነጥብ ስምንት። በአሥራ አራት ላይ ዜሮ ነጥብ ስድስት። … ምን አልክ? … ሄሎ? ሽቦ፣ ትሰማኛለህ? … የድሮዎቹ? … የትንንሾቹ ቁጥር ነው እያልከኝ ነው? … እርግጠኛ ነህ?

እርግጠኛ ነበር። እንደነዚህ ያሉትን ትልልቅ ኢንጀክተሮች ለደንበኞቹ ሲገጥም ስለሚውል የመዘግየት ቁጥራቸውን በቃሉ ያውቀዋል። ወንድሙ አዲሶቹ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያፈሱ ለኮምፒውተሩ ነግሮታል፤ ምን ያህል እንደሚዘገዩ ግን አልነገረውም። ሽቦ ይህን ቀስ ብሎ አስረዳት። መምህርቷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ እንደ ተማሪ ሳታቋርጥ አዳመጠች።

— ቆይ፣ አሁን በራሴ አፍ ልበለው፤ ከሳትኩ አርመኝ። ኢንጀክተሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ነው። ተከፈት ሲባል ወዲያው አይከፈትም፣ ትንሽ ይለግማል። ትልቁ ከትንሹ የባሰ ልግመኛ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲደክም ደግሞ ልግሙ ይብስበታል። … እሺ። ሚኒሞ ላይ በሩ የሚከፈተው ለቅጽበት ስለሆነ፣ ልግሙ ያችኑ ቅጽበት ይበላታል። ሞተሩ ይራባል። … ዳገት ላይ ግን በሩ ብዙ ስለሚቆይ አይታወቅም። … አየህ፣ ገባኝ። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢገባቸው ምን እፈልግ ነበር። … ግን አንድ ነገር ቀረኝ። መብራት ሳይበራስ ለምን አትጠፋም? ያን ጊዜም እኮ ቁጥሩ ስህተት ነው።

ሽቦም ይህንኑ እያሰበ ነበር። ዋናውን የነዳጅ ሠንጠረዥ እንድትከፍት ጠየቃት። ከፈተችው። ቁጥሮቹ ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ያድጋሉ፤ ለሒሳብ መምህርት ዓይን የሚመች ለስላሳ ተዳፋት ነው። በታችኛው የግራ ጥግ ላይ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን በሚጠቀምበት ቦታ ግን ቁጥሮቹ ጉብ ብለዋል። አንዱ ከሌላው ጋር አይሄድም። በእጅ ነው የተጻፉት፤ ኮምፒውተር እንዲህ አይጽፍም።

— ጉብታ አለው … ጉብታ፣ የግመል ሻኛ የመሰለ። … ማን ይሆናል፣ ወንድምህ ነዋ። እዚሁ ቦታ ተቀምጦ። … ሬዲዮ አጥፉ፣ ማራገቢያ አጥፉ፣ ቧንቧ እንዳትከፍቱ … አዎ፣ አዎ። እኔንማ አንድ ቀን የጎረቤቶቹን ዶሮዎች ዝም አሰኚልኝ ብሎኛል። … ሄጄ ለመንኳ። ዶሮዎቹን ሳይሆን ባለቤታቸውን።

ልጅቷም ሳቀች፤ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። አባቷ ሞተር የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር። በቤቱ ያለውን ድምፅ ሁሉ ያስጠፋል፤ የመኪናዋንም መብራት፣ ማራገቢያና ሬዲዮ ያጠፋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሞተሩ ሲደናቀፍ ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ሲረጋለት ይተወዋል። የመዘግየቱን ስህተት የሸፈነው ይኸው ጭማሪ ነው። ጸጥታ ውስጥ የተጻፉት ቁጥሮች ለጸጥታ ልክ ነበሩ። መብራት አብርቶ አልሞከራቸውም፤ ብዙ ሳይቆይ ታመመ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ማታ የነዳት ሰው የለም።

ሽቦ አሁን መንገዱ ግልጽ እንደሆነ ነገራት። ትክክለኛው የመዘግየት ቁጥር ይገባል፤ ከዚያ ጉብታው ተነስቶ ከሌላው ተዳፋት ጋር እኩል ይሆናል።

— ይነሳል ማለት … ይሰረዛል? … ሁሉም? … ሌላ መንገድ የለም ሽቦ? ሚኒሞውን ከፍ ብናደርገውስ፣ መብራቱን እንዲችል? … ይሠራል? … ይሠራል፣ ግን ምን?

ሽቦ ሳይሸፋፍን ነገራት። ዛሬ ይሠራል። ዝናብ ሲመጣና መጥረጊያው ሲጨመርበት ግን፣ ልጅቷ ቁልቁለት ላይ እግሯን ከነዳጁ ስታነሳ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተር ከጠፋ ደግሞ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ያ ሁሉ በጨለማ።

መምህርቷ ጉብታው ያለበትን ጥግ መረጠች። ጣቷ ከቁልፎቹ በላይ ቆሟል። ልጅቷ የእናቷን ጣት አየች፤ ስልኩ ውስጥ የተባለውን ባትሰማም ገባት። ይቅር አለች፤ አሁኑኑ ለኃላፊው ልደውልለት፤ እዚሁ ቅርብ ሌላ ሥራ አይጠፋም፤ መኪናዋ እንዳለች ትቀመጥ። የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣች።

— አስቀምጪው። … አንተን አይደለም ሽቦ፣ ቆየኝ። … ሚጣ፣ ስሚኝ። አባትሽ ይህን የጻፈው መኪናዋ እንድትሄድ ነው። እንድትቀመጥ አይደለም።

ልጅቷ ስልኳን ጭኗ ላይ አደረገችው።

— ሄሎ … አለሁ። የቱን ልጫን? … መጀመሪያ የሱን ኮፒ? ላፕቶፑ ላይ? … ጥሩ። ስም ስጪው ይለኛል። … አይ፣ የሱን ስም አልጽፍም። ጉብታ ብዬዋለሁ። … ሳቅ፣ ሳቅ። ተቀምጧል። በል አንብብልኝ።

ሽቦ የመዘግየቱን ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች አነበበላት፤ እሷም እየደገመች ጻፈች። መሃል ላይ መስመሩ ተንኮሻኮሸና ድምፁ ራቀ።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … በር ላይ ውጣ፣ ጋራዥህ ውስጥ ይቆራረጣል። … አሁን ጥሩ ነው። የአሥራ ሁለቱን ድገምልኝ። … አንድ ነጥብ ሁለት። ጻፍኩ። … አስነሺ ሚጣ። … ተነሳች … ውይ፣ ሽቦ፣ ጭስ ነው። ጥቁር ጭስ፣ በማርሚታው። … ይጠበቃል? ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ልቤን አወረድከው እኮ። … አዎ፣ ገባኝ። መዘግየቱ ከታወቀለት ወዲህ የሱ ጭማሪ ትርፍ ሆነ። … እሺ። ላውርደው። ከየትኛው ልጀምር?

ከጥጉ ጀመረች። ሽቦ አዲሱን ቁጥር ይነግራታል፤ እሷ ግን ከመቀየሯ በፊት የነበረውን ጮክ ብላ ታነባለች። ለሥራው አያስፈልግም። ሽቦም ለምን እንደምታነብ አልጠየቃትም፤ አንብባ እስክትጨርስ እየጠበቀ ቀጣዩን ነገራት። እያንዳንዱ ቁጥር ሲወርድ ጭሱ እየሳሳ፣ የሞተሩም ድምፅ እየጠራ ሄደ። የመጨረሻውን ስትጽፍ መኪናዋ መሥራቷ የሚታወቀው በመሪው ላይ ባለው ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር።

— ጭሱ ጠፋ። … ስማው እስቲ። … አያነክስም፣ አይደል? … መብራት፣ ሚጣ።

ልጅቷ መብራቱን አበራች። ሞተሩ ለአፍታ ዝቅ አለ፤ ወዲያው ራሱን አነሳና ረጋ። ፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ቢጫ ብርሃን ለብሷል። ልጅቷ ማንም ሳያዛት ረጅሙን መብራት ጨመረች፤ ማራገቢያውን ከፈተች፤ መጥረጊያው በደረቅ መስታወት ላይ እየጮኸ ተመላለሰ። ቀጥላ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

— አልጠፋችም። … ሽቦ፣ ሁሉም ነገር በርቶ አልጠፋችም። … እ? … ሬዲዮው ነዋ፣ ኳስ እያስተላለፉ ነው። … አዎ፣ እሱ ቢኖር ሁለታችንንም ከመኪናው ያስወርደን ነበር። … ሄሎ? … ሽቦ፣ አለህ? … በል አፍንጫህን ጥረግና ተናገር። … ጉንፋን ነው? እሺ፣ ጉንፋን ይሁን።

ልጅቷ ሬዲዮውን አጥፍታ ከመኪናው ወረደች። ለኃላፊው ደውላ በቆርቆሮው በር ላይ እየተመላለሰች ሰኞ እንደምትመጣ ትናገራለች፤ ድምጿ ከወትሮው ከፍ ብሏል።

— እሷ ናት፣ ከጤና ጣቢያው ጋር እያወራች ነው። … እመጣለሁ እያለቻቸው ነው። … አሁን ምን ቀረን? … ኮረብታው ላይ፣ መብራት እንደበራ፣ ስትወጣም ስትወርድም። … ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ከነዳጁ ላይ እንድታነሳ። እሺ፣ አብሬያት እሄዳለሁ። … ቀን መብራት አብርተን ስንዞር ሰው ቢስቅ ይሳቅ። … ስንመለስ እደውልልሃለሁ። … አንተስ መቼ ነው የምትመጣው? … ልጆቹን ይዘህ ና፤ ጥርሱን ልየው። … እሺ። … እሺ አልኩህ እኮ። በል ደህና ዋል።

ስልኩን ዘጋች። ገመዱን ነቅላ ላፕቶፑን አጠፈችው፤ ኮፒው እዚያ ውስጥ አለ። መኪናዋ መብራቷን አብርታ ትሠራለች። ባሏ በጆሮው እያዳመጠ ከጻፋቸው ቁጥሮች አንዱም አሁን የመኪናዋ ኮምፒውተር ውስጥ የለም።